ከባዶው ጫፍ

ሰኞ ጠዋት ሲድ ወደ ጓሮው ሽንት ቤት ሲወጣ በሩ ሁለት መልክ ይዞ ጠበቀው። ትናንት እሁድ ወንድሙ ሆራስ እጅጌውን ሰብስቦ ሲቀባው ነበር የዋለው። ሲድ ከመጠጥ ቤት ሲመለስ ለዓይን ያዝ አድርጎ ስለነበር ቀለሙ ሸተተው እንጂ አላየውም። አሁን አየው። ከላይ እስከ መያዣው ሰማያዊ ነው። ከመያዣው እስከ ታች አረንጓዴ ነው። ሥራው ንጹሕ ነው፤ የተንጠባጠበ የለም፣ ብሩሽ የዘለለው ቦታ የለም፣ ሁለቱ ቀለሞች የተገናኙበት መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። የሰነፍ እጅ አልነካውም። ልቡን ሰጥቶ የሠራው ነው።

ሆራስ የሻይ ኩባያውን ይዞ ከኋላው መጣና ቆመ። ስድሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ገና አልወደቀም።

«እንዴት ነው?» አለ። «አንዱ ቆርቆሮ ግማሽ ላይ አለቀብኝ። ደግነቱ ከዚያው ቀለም ሌላ ነበረኝ።»

ሲድ ቀና ሲል የሆራስን ሚስት አይቪን በኩሽናው መስኮት አያት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች።

«ያምራል» አለ ሲድ።

«ያምራል ብቻ? ንጉሥ የሚቀመጥበት ነው የሚመስለው።» ሆራስ ሳቀ። «ግባ እንግዲህ፣ መርቀው።»

እነሱ በሚኖሩበት መንገድ ላይ ሰው በሩን በሱቅ ቀለም አይቀባም። ወንዶቹ ከሚሠሩበት የብረት መጋዘን በምሳ ዕቃ ተሸሽጎ በሚወጣ ቀለም ነው የሚቀባው። ስለዚህ ደጃፉ ሁሉ በየቁጥሩ እንደተቀባ የብረት ዘንግ ጫፍ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ቁጥሩን ያነብበታል። የማዕዘኑ ቤት ቀይ ነው፤ በመጋዘኑ የድሮ የቀለም ሰንጠረዥ ስምንት ቁጥር፣ ተራ ብረት። ቀጥሎ ያለው ቢጫ ነው፤ ሃያ አራት፣ የማይበገረው። ወንዶቹ ይቀልዱበታል። «አንተ እኮ በርህ ሃያ አራት ነው፣ ራስህ ግን ስምንት» ይባባላሉ። ሚስቶቹ ደግሞ የባሰውን ይጨምሩበታል። ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ አረንጓዴ የሆነ በር ግን በመንገዱ ላይ ታይቶ አያውቅም።

ሲድ ገብቶ በሩን ዘጋና ጨለማው ውስጥ ተቀመጠ። ያስጨነቀው በሩ አልነበረም። ሁለቱም ቀለም የመጣው ከመጋዘኑ ነው። ወደ መጋዘኑ በሚመጣው ብረት ሁሉ ጫፍ ላይ ቀለም የሚቀባው ደግሞ ሆራስ ነው። ብረት ለዓይን ሁሉም አንድ ነው፤ ግራጫ ነው፣ ይከብዳል፣ አይናገርም። የሚሸከመውን ከሚሰበረው የሚለየው ጫፉ ላይ ያለው ቀለም ብቻ ነው። በአዲሱ ሰንጠረዥ ሰማያዊ ሃያ አራት ነው። አረንጓዴ ስምንት ነው።

ኩሽና ሲገባ ዳቦው የሥጋ ስብ ተቀብቶ ተቀምጧል። ሰኞ የልብስ ቀን ስለሆነ ምድጃው ላይ ትልቁ የብረት ድስት ይንፈቀፈቃል፣ መስኮቱ በእንፋሎት ታፍኗል። ሲድ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚያድረው በዚህ ቤት የላይኛው ጓዳ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊትም፣ አባታቸው የሞተ ጊዜ፣ ልጅ ሆኖ ያደገው እዚሁ ነው። ሆራስ አባትም ወንድምም ሆነለት፣ አይቪ እናትም እህትም። ስለዚህ በዚህ ቤት ብዙ ነገር ሳይነገር ይታወቃል። ሆራስ ጫማውን ለማሰር ወደ መተላለፊያው ሲወጣ ሲድ ወደ አይቪ ጠጋ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከገና በፊት» አለች፣ ልብሱን በእንጨት እየገፋች። «ለጎረቤታችን ሕፃን ሹራብ ሰማያዊ ክር ግዛልኝ ብለው አረንጓዴ ይዞ መጣ። አረንጓዴ ሠራሁለት። ምን አለበት፣ ሕፃን አይመርጥ።»

«ሐኪም ዘንድ ለምን አይሄድም? የዓይን ሞራ እኮ ይገፈፋል።»

«ከሄደ ይጻፋል። ከተጻፈ መጋዘኑ ይሰማል። ጡረታው የሚመጣው በጋ ነው፣ ሲድ። ትንሽ ናት የቀረችው። ይድረስና ያኔ ይገፈፍለት።»

«የሚሠራው እኮ ቀለም ነው፣ አይቪ።»

«ታዲያስ። ቀለም ነው የሚቀባው፣ ሰው አያርድ።»

ከዚያ የቅቤ ዋጋ እንደገና መጨመሩን ነገረችው፤ ዘንድሮ የሚቀመስ አይደለም አለች፤ መንግሥት በቀየረው አዲስ ገንዘብ አሳበው ነው የሚዘርፉን አለች። ራሱን ነቀነቀላትና ኮፍያውን አነሣ።

አውቶቡሱ ውስጥ ሆራስ እንደ ልማዱ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። የብረት ከተማዋ ሼፊልድ ጭሷን ገና እያነሣች ነበር። በወንዙ ዳር ከቆሙት ፋብሪካዎች የአንዱ በር ተከፍቶ እሳቱ ታየና ተዘጋ። ትኬት ቆራጩ ሲመጣ ሆራስ ሳንቲሞቹን በመዳፉ ላይ ዘርግቶ በአውራ ጣቱ ዳር ዳራቸውን እየዳበሰ ሰጠው።

«ገንዘቡን ቀየሩት፣ ብረቱን ቀየሩት» አለ። «የቀረችኝ አይቪ ናት። እሷንም በስድስት አሃዝ ነው የምትጠራት እስኪሉኝ እየጠበቅሁ ነው።»

«ዝም ካልክ አይሏትም» አለ ሲድ።

«አዲሱን የብረት ቁጥር አየኸው? መሀሉ ላይ ፊደል አለበት። የስልክ ቁጥር ነው እንጂ ብረት አይመስልም። ብደውልለት ማን ያነሣል?»

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። ሆራስ ሰው ሲስቅለት ደስ ይለዋል። ሲድም ሳቀ፤ ግን ወደ መስኮቱ ዞሮ ነው።

በአባታቸው ዘመን ብረት ቁጥር አልነበረውም። ፋብሪካው ሁሉ ብረቱን እንደ ልጁ ስም ያወጣለት ነበር፤ በወፍ ስም፣ በንጉሥ ስም፣ በባለቤቱ ሚስት ስም የሚጠራ ብረት ነበር። አንዱ ብረት በአሥር ፋብሪካ አሥር ስም ስላለው የማያውቅ ገዢ ስሙን በውድ ይገዛ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ብረቱ አልዳረስ አለ፣ ስሙ ግን ሞልቶ ፈሰሰ። ያኔ አዋቂዎቹ ተቀምጠው ስሙን ሁሉ ጠረጉና ከሃምሳ በሚተርፉ ቁጥሮች ከተቱት። የችግር ጊዜ ቁጥር አሉት። ችግሩ አለፈ፣ ቁጥሩ ቀረ። ሲድ ወደ መጋዘኑ የገባው ያኔ፣ በአሥራ አራት ዓመቱ ነው። ሆራስ ማታ ማታ ገበታ ላይ እየጠየቀ ያስጠናው ነበር። «ሃያ አራት?» ይለዋል። «ኒኬል፣ ክሮም፣ ሞሊብዲነም ያለበት።» «ለምን ይሆናል?» «እንዳይሰበር ለሚፈለግ።» «ስምንት?» «ተራ ካርቦን።» «ለምን ይሆናል?» «ለቀረው ሁሉ።» ከተሳሳተ ድንቹ ከሳህኑ ይነሣል። አይቪ ደግሞ ሆራስ ሲዞር ድንቹን ትመልስለታለች።

ሠላሳ ዓመት ያህል ቀይ ስምንት ነበር፣ ቢጫ ሃያ አራት። ባለፈው አዲስ ዓመት አዲሶቹ ቁጥሮች ሲመጡ መጋዘኑ የቀለሙን ሰንጠረዥም አብሮ ቀየረ። ሆራስ ቀይና ቢጫን ዛሬም ይለያል።

«ሰማያዊውንና አረንጓዴውን እንዴት ነው የምትለያቸው?» አለ ሲድ፣ እንደ ዋዛ።

«ሰማያዊ በግራ፣ አረንጓዴ በቀኝ። ምነው?»

«እንዲሁ ነው።»

የሚያይ ሰው ግራና ቀኝ አያስፈልገውም።

መጋዘኑ ረጅም ነው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ብርሃኑ ከላይ በቆሸሸ መስታወት የሚገባ። ዘንጎቹ በግራና በቀኝ በየመደርደሪያቸው ተኝተው ቀለም የተቀባ ጫፋቸውን ወደ መተላለፊያው አውጥተዋል። ሆራስ የሚሠራው በር አጠገብ ነው። የዘንጎቹ እሥር ከጭነት መኪናው ሲወርድ በሽቦ የተንጠለጠለችውን የቆርቆሮ መለያ ይይዝና የተመታባትን ቁጥር ያነብባል፤ ድሮ በዓይኑ ነበር፣ አሁን ግን በጣቱ እየዳበሰ መሆኑን ሲድ ዛሬ ገና ልብ አለ። ቁጥሩን አይስትም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከሁለት አንድ ዓይነት የቀለም ቆርቆሮዎች አንዱን ያነሣል። ቀለም ባለቀ ቁጥር አዲስ ቆርቆሮ የሚያመጣው የዕቃ ክፍሉ ሰው ነው፤ የትኛውን በግራ፣ የትኛውን በቀኝ እንደሚያስቀምጥ ማንም ነግሮት አያውቅም።

ሲድ የመጋዝ ሠራተኛ ነው። የመጋዝ ሰው አንድ ሕግ አለው፤ ምንጊዜም የሚቆርጠው ከባዶው ጫፍ ነው። የተቀባውን ጫፍ የቆረጠ እንደሆነ የቀረው ዘንግ ስሙን ያጣል። ስሙን ያጣ ብረት የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን የሚያምነው የለም፤ ወደ ማቅለጫው ይመለሳል። ስለዚህ ዘንጉ እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ እስከ መጨረሻዋ ጉራጅ ድረስ ቀለሙን ይዞ ይኖራል። ሲድ ይህን ሕግ የተማረው ከሆራስ ነው። አንዴ ረስቶ በጥፊ ተመትቶበታል።

የምሳ ደወል ተደውሎ ሰዉ ወደ ምድጃው ሲሰበሰብ ሲድ ብረት የሚፍቀውን የእጅ መሳያ ማሽን ይዞ ወደ ሰማያዊው መደርደሪያ ኋላ ዞረ። ባዶዎቹ ጫፎች በዚያ በኩል ናቸው፤ ጨለም ይላል፣ የእሳት ፍንጣሪ ለማየት ይመቻል፤ ብረት ሲሳል በሚረጨው ፍንጣሪ ዓይነቱ ይለያል። የሃያ አራት ፍንጣሪ አጠር ይላል፣ ቀላ ይላል፣ ጫፉ ላይ እንደ ጦር ያለች ነጥብ ተለይታ ትታያለች። የስምንት ግን ረጅም ነው፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እያወጣ ይፈነዳል። የመጀመሪያውን ዘንግ ነካ፤ ጦሯን አየ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ልቡ መለስ ማለት ጀመረ። ሦስተኛውን ሲነካ ጨለማው በቅርንጫፍ ተሞላ። አጠገቡ ያሉትን ሁለቱንም ነካ። እነሱም ዛፍ ነበሩ።

የመሳያውን ድምፅ ሰምቶ ሆራስ መጣ። በአንድ እጁ የሲድን ዳቦ ይዟል፣ የራሱን ያኝካል።

«በምሳ ሰዓት ምን ያሠራሃል? ሻዩ ሊበርድብህ ነው።»

ሲድ መሳያውን እንደገና ዘንጉ ላይ ጫነ፣ ፍንጣሪው ወረደ።

«ስምንት ነው» አለ ሆራስ፣ ሳይጠየቅ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ቅርንጫፉን አታየውም እንዴ? እኔ አይደለሁ ያስተማርኩህ?» ቀረብ አለና ዘንጉን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ስምንት ነው። እዚህ ምን ይሠራል? ይሄ እኮ የሃያ አራት ቦታ ነው።»

ሲድ ማሽኑን አጠፋ።

«ማነው ይሄን የቀባው?» አለ ሆራስ። ድምፁ ከፍ አለ፤ ምድጃው ዘንድ ያሉት አንድ ሁለቱ ዞር አሉ። «የቱ ደደብ ነው? ሰው እኮ ነው የሚሞትበት! ማነው…»

ማኘኩን አቆመ። በመጋዘኑ ውስጥ ብሩሽ የሚይዝ አንድ ሰው ነው። ቆየ። ዳቦው ጉንጩ ውስጥ እንዳለ ቆየ። ሲድ እግሩ ሥር ያለውን የብረት ብናኝ ይመለከት ነበር።

«ብዙ ነው?» አለ ሆራስ፣ በመጨረሻ። አሁን ድምፁ ለሁለቱ ብቻ ነው።

«እስካሁን ሦስት አገኘሁ።»

«እንለየዋለን። ሰዉ ሲወጣ እኔና አንተ እንቀራለን፣ አንድ ባንድ እንነካዋለን። ማን ያውቃል? ማንም አያውቅም።»

«የፒኖቹ ብረት ሐሙስ ወጥቷል፣ ሆራስ። ከዚሁ እሥር ነው።»

ፒኖቹ ለከሰል ጉድጓድ የሚሠሩ ወፋፍራም የብረት ካስማዎች ናቸው። ሰው ጭኖ ወደ ጉድጓዱ የሚወርደውን ሣጥን ከገመዱ ጋር የሚይዙት እነሱ ናቸው። ይህን ለሆራስ መንገር አላስፈለገም። የአይቪ አባት ዕድሜ ልኩን የወረደው በእንደዚያ ያለ ሣጥን ነበር።

«ማን ቆረጠው?»

«እኔ።»

«ከየትኛው ጫፍ?»

«ከባዶው ጫፍ።»

«ጥሩ» አለ ሆራስ። ዘንጎቹ ላይ ተቀመጠ። የሲድን ዳቦ ጭኑ ላይ አስቀመጠና በሁለት እጁ ያዘው። «መንገርህ አይቀርም።»

«አይቀርም።»

«እሺ። ግን አንድ ነገር፣ የኛ ሲድ። ዓይኑ ነው አትበላቸው። ጠጥቶ ነበር በላቸው።»

ሲድ ቀና ብሎ አየው። ሆራስ የጸሎት ቤት ሰው ነው። በሠርጉ ቀን እንኳ ብርጭቆ አላነሣም፤ ሲድን ለአንዲት ጠርሙስ ቢራ ስንት እሁድ ሲቆጣው ኖሯል።

«የጠጣን ሰው ሳምንት አባረው ይመልሱታል» አለ ሆራስ። «የታወረን ሰው አይመልሱትም። እስከ በጋ ድረስ ነው የምልህ። ጠጥቶ ነበር፣ በቃ። እኔም አዎ እላለሁ።»

ወደ ቢሮው የሚያወጣው የብረት ደረጃ ነው፤ የሚወጣው ሰው ከታች ለሁሉም ይታያል። ሲድ ሲወጣ ቃሉ አፉ ውስጥ ነበር። ጠጥቶ ነበር። ቀላል ነው፣ ማንንም አይገድልም፣ እንዲያውም ትንሽ ያስቃል። አጋማሽ ላይ ሲደርስ ዘወር አለና መጋዘኑን ከላይ አየው። ሰማያዊና አረንጓዴ ጫፍ ከበሩ እስከ ግድግዳው ድረስ ተደርድሯል። ሰው የሚሰክረው በአንድ ቀን ነው። ጠጥቶ ነበር ካለ የዚያን ቀን ዘንግ አውጥተው የቀረውን ያምኑታል። የቀረው ደግሞ ከአዲስ ዓመት ጀምሮ የተቀባው ሁሉ ነው፤ የሄደውም፣ ያለውም።

ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ጋርሳይድ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ለሲድ ይቀለው ነበር። ሳንድዊቹን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ወንበር አሳየው፤ ሲድ አልተቀመጠም።

«ሚስተር ጋርሳይድ፣ ሰማያዊው መደርደሪያ ውስጥ ስምንት ቁጥር አለ። ፒኖቹም ከዚያ ነው የተቆረጡት።»

ሰውየው ማን፣ እንዴት ሳይል ስልኩን አነሣ። ፒኖቹን ለሚሠራው ወርክሾፕ ደወለ፤ ያ ሰው ወደ ጉድጓዱ ይደውል ዘንድ ሁለት ጊዜ አስደገመው። ስልኩን ከዘጋ በኋላ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«ሆራስ ነው?»

«ሆራስ ነው።»

«የአንድ ቀን ነገር ነው አይደል? አሞት ይሆናል፣ ቀምሶም ይሆናል፣ አልጠይቅህም። የአንድ ቀን ከሆነ ያን ቀን የገባውን አወጣለሁ፣ እሱን ሳምንት አሳርፈዋለሁ፣ እዚሁ ያልቃል።»

ቃሉን ሰውየው ራሱ አንሥቶ ሰጠው። ሲድ መቀበል ብቻ ነበረበት። በመስኮቱ ወደ ታች ሲያይ ሆራስ ዘንጎቹ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ ፊቱን ወደ ደረጃው አቅንቷል፣ ግን እስከዚህ ድረስ እንደማይታየው ሲድ ያውቃል።

«የለም» አለ ሲድ። «ዓይኑ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«በትክክል አላውቅም፤ ከገና በፊት ነው። ለዚህ ነው ሁሉንም ማየት ያለብዎት።»

ሚስተር ጋርሳይድ መነጽሩን መልሶ አደረገ። ከዚያ ስለ ጡረታው ለበላዮቹ እንደሚጽፍ፣ ምን እንደሚሉ ግን እንደማያውቅ ተናገረ። ወንድምህ ነው እኮ አለ፤ ጥያቄ ይሁን ሌላ ነገር አልለየለትም። ሲድ አዎ ወንድሜ ነው ብሎ ወረደ።

ሁለት ፒኖች ከወዲሁ የጉድጓዱ ሣጥን ላይ ተገጥመው ኖሯል። የከሰዓቱ ተረኛ ከመውረዱ በፊት ተነቀሉ። ሰዎቹ ለምን እንደዘገየባቸው ሳይነገራቸው ዝናብ ላይ ቆመው ሲራገሙ ቆይተው ወረዱ። የተሰበረ ነገር ስለሌለ ያመሰገነ ሰው የለም። መጋዘኑ ግን ሥራ አቆመ። የቤተ ሙከራው ሰው እስኪመጣ ድረስ ሰማያዊና አረንጓዴ የሆነው ጫፍ ሁሉ በጥቁር እንዲሸፈን ታዘዘ። ለሲድ የተሰጠው ብሩሽ የሆራስ ነበር፤ እጀታው በሆራስ ጣቶች ልክ ተበልቷል። ክሬን ነጂው ከላይ ሆኖ «ወንድምህን በስንት ሸጥከው?» አለ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም ዝም በል አላለውም። ሲድ አንገቱን ደፍቶ መቀባቱን ቀጠለ። እንደ ወንድሙ ንጹሕ አድርጎ መቀባት አልቻለም፤ ቀለሙ ይንጠባጠብበት ነበር።

ሆራስ የወጣው ገና ቀን ሳለ ነው። የምሳ ዕቃውን በብብቱ ይዟል። በሩ ዘንድ ሲደርስ እንደ ልማዱ የሁለቱን ቆርቆሮዎች ክዳን በጡጫው መታ መታ አድርጎ ገጠማቸው፣ እንዳይደርቁ። ከዚያ በመንገዱ ዳር፣ ግድግዳውን በጣቶቹ ጫፍ እየነካ ሄደ። ሆራስ ይህን ሲያደርግ ሲድ ስንት ጊዜ አይቶት ነበር። ልማድ ይመስለው ነበር።

ማታ ሲድ ቤት ሲደርስ ልብሱ ከገመድ ወርዶ ታጥፏል። ገበታው ላይ የእሁዱ ሥጋ ቀዝቅዞ ተቆርጧል፣ ሳህን ግን ሁለት ነው ያለው። አይቪ ጀርባዋን ሰጥታው ድንች ትልጣለች። ኮፍያውን ሰቀለ። ዝናቡ እንዳባራ ተናገረ። ቢላዋው ድንቹ ላይ ሲሄድ ብቻ ነው የሚሰማው።

«ጠጥቶ ነበር ማለት አቃተህ» አለች፣ ሳትዞር። «አንዲት ቃል። በዕድሜው አንድ ጊዜ ሰከረ ቢባል ምን ነበረበት?»

«ሌላው ብረት አለ፣ አይቪ። እሱን ሁሉ ማን…»

«ብረት!» ዞረች። ዓይኗ አላለቀሰም፤ ቢያለቅስ ይሻል ነበር። «ከልጅነትህ ጀምሮ እዚህ ገበታ ላይ ያበላህ ብረት ነው?»

ሲድ የአባቷን ነገር፣ የጉድጓዱን ነገር ሊያነሣ አሰበ። እሷም እያሰበችው እንደሆነ ከፊቷ አየ። ሁለቱም አላነሡትም። ድንቹን ወደ ውኃው ጣለችው።

«ሆራስ የት ነው?»

በአገጭዋ ወደ ጓሮው አመለከተች።

ሆራስ በሩ ፊት ቆሟል። ኮቱን አላወለቀም። መዳፉን በሩ ላይ ዘርግቶ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለ ይወስደዋል። ሲድ ሲመጣ ሰምቶታል፣ አልዞረም።

«አይቪ ነገረችኝ» አለ። «ልትነግረኝ አልፈለገችም፣ ጠየቅኋትና ነገረችኝ። የት ጋ ነው ቀለሙ የሚለወጠው?»

ሲድ የወንድሙን እጅ ያዘ። ልጅ ሆኖ ወደ መጋዘኑ ሲሄድ ይይዘው የነበረ እጅ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልያዘውም። ጣቱን አንሥቶ ከመያዣው ሥር፣ አንዱ ቀለም በሌላው ላይ ያረፈበት ቦታ ላይ አደረገለት። ትንሽ እብጠት አለችው፤ እንደ ስፌት። ሆራስ ጣቱን ከዳር እስከ ዳር ወሰደው።

«ቀጥ ያለ ነው?»

«ቀጥ ያለ ነው።»

«ሰማያዊው የላዩ ነው?»

«የላዩ ነው።»

ሆራስ ራሱን ነቀነቀ። መለያ ላይ ቁጥር እንዳነበበ ዓይነት ነበር።

«ነገ እኔ አንድ ቀለም አደርገዋለሁ» አለ ሲድ። «ሰው ሳያየው።»

«ተወው።»

«ሰዉ ይስቅብሃል፣ ሆራስ።»

«ይሳቅ። ተወው አልኩህ። ውስጡ ያለውን የሚናገር ጫፍ ሰው በሌላ ቀለም አይሸፍነውም።»

ሲድ ለምን እንደተናገረ ሊነግረው ፈለገ፤ ስለ ደረጃው፣ ከላይ ስለታየው ነገር፣ ቃሉን ሥራ አስኪያጁ ራሱ እንደሰጠው። ሆራስ ግን አልጠየቀውም፤ ያልጠየቀው ስላወቀው ይሁን ይቅር ስላላለው ይሁን ሲድ አላወቀም። አይቪ የኩሽናውን በር ከፍታ ራት ቀርቧል ብላ ተጣራች። የጠራችው አንድ ስም ነው። ሆራስ ትንሽ ቆየ፣ ሌላውንም ስም ትጨምር እንደሆነ የጠበቀ መሰለ፤ ከዚያ ግድግዳውን እየዳበሰ ገባ።

ሲድ እዚያው ቀረ። በኩሽናው መስኮት ሁለቱ ሲቀመጡ ይታያል። የቀኑ ብርሃን ከጓሮው ቀስ እያለ ሸሸ፤ መጀመሪያ ከመሬቱ፣ ከዚያ ከአረንጓዴው፣ ከዚያ ከሰማያዊው። ሁለቱ ቀለም አንድ እስኪሆኑ ድረስ በሩን ሲያይ ቆመ።